ሚዛንም ዘብም የሆነው ብረት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ከረንት ትራንስፎርመር፣ በሥራ ቋንቋችን «ሲቲ» ስለምንለው መሣሪያ፣ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ሳይሆን በመካነ ሰላም ከተማ ያየሁት አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ስለሆነም ከዚያው እጀምራለሁ።

መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ተጉዘው የሚደርሱባት የቦረና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ2500 ሜትር በላይ ሲሆን ከእርሷ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተቆረጠ ይወርዳል። በዚያች ከተማ ሦስት የእህል ወፍጮና አንድ የዘይት መጭመቂያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሠሩ አዛውንት ነበሩ። የወር ሒሳባቸው ለሞተሮቻቸው ብዛት እጅግ አነስተኛ ሆኖ ስለተገኘ ምክንያቱን እንድመረምር ተላክሁ። በያዝሁት ደብዳቤ ላይ «ቆጣሪው ተነካክቶ ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር።

የቆጣሪው ሳጥን እሽግ ግን አልተነካም። ወፍጮዎቹ ሁሉ በመሥራት ላይ እንዳሉ በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ ስንለካ ወደ 90 አምፔር አገኘን። በ380 ቮልትና በ0.85 ፓወር ፋክተር ሲሰላ ይህ ወደ 50 ኪሎ ዋት ይሆናል። ቆጣሪው ግን የሚመዘግበው ወደ 17 ኪሎ ዋት ብቻ ነበር። ሲሶ መሆኑ ነው! ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ከሦስቱ ሲቲዎች የአንደኛው ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ስለታሰሩ ሁለቱ ፌዞች ሲደምሩ ሦስተኛው ይቀንሳል፤ ሁለት ሲሶ ሲቀነስ አንድ ሲሶ፣ የቀረው አንድ ሲሶ። ቆጣሪው የሦስቱን ፌዝ ድምር ከነምልክቱ የሚመዘግብ ዓይነት ነበርና የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል። ሽቦው የተገለበጠው በተከላው ቀን በእኛው ባለሙያ እጅ ነበር።

ነገሩን ለአዛውንቱ ባስረዳኋቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ገበሬው እህሉን ይዞልኝ ሲመጣ የሚመዘነው በእኔ ሚዛን ነው። ሚዛኔ ቢሳሳት እርሱ ይጠይቀኛል እንጂ እኔ እርሱን አልጠይቀውም። የመብራቱ ሚዛን የእናንተ ነው፤ እኔ እንኳን ልነካው ልከፍተውም አልተፈቀደልኝም።»

«እውነትዎን ነው አባቴ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

መርሑን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለወጣቶቹ ስል ብቻ በአጭሩ ልድገመው። ዋናው መስመር በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ አንድ ጊዜ ያልፋል። በቀለበቱ ላይ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር ተጠምጥሟል። የመጀመሪያው ወገን አምፔር በዙሩ ሲባዛ፣ የሁለተኛው ወገን አምፔር በዙሩ ከተባዛው ጋር እኩል ነው፤ ልዩነቱ ብረቱን መግነጢሳዊ ለማድረግ የምትውለው ጥቂት ድርሻ ብቻ ናት። ስለዚህ 200 አምፔር በአንድ ዙር ሲያልፍ 40 ዙር ካለው ጥቅል 5 አምፔር ይወጣል፤ የቆጣሪውን ንባብም በ40 እናባዛለን።

በምሰሶ ላይ ከምናየው ትራንስፎርመር የሚለየው፣ በመጀመሪያው ወገን የሚያልፈውን ፍሰት የሚወስነው የተጠቃሚው ጭነት እንጂ በሁለተኛው ወገን የተያያዘው መሣሪያ አለመሆኑ ነው። ማሰሮ ስለተቀዳበት ወንዙ አካሄዱን አይለውጥም። የዚህ ውጤት ለሠራተኛው ሕይወት አስጊ ነው። መስመሩ ጭነት እንደተሸከመ የሁለተኛው ወገን ሽቦ ቢከፈት ሚዛን የሚጠብቀው ተቃራኒ ፍሰት ይጠፋና የመጀመሪያው ወገን ፍሰት በሙሉ ብረቱን ወደ ማግነጥ ይዞራል፤ በተከፈተውም ጫፍ ላይ ሺህ ቮልት ሊያልፍ የሚችል ሹል ግፊት ይፈጠራል። የቮልቴጅ ትራንስፎርመርን ሾርት ማድረግ፣ ሲቲን ደግሞ መክፈት ክልክል ነው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ባልደረባዬ የተበላሸ አምፔር መለኪያ ለመቀየር ተርሚናሉን አስቀድሞ ሾርት ሳያደርግ ሽቦውን ሲፈታ ከጎኑ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የብረቱን ጉርምርምታ ነው፤ ሰማያዊው ብልጭታ ከዚያ በኋላ መጣ። ባልደረባዬ እጁን ፈጥኖ በማንሳቱ ተረፈ፤ ሲቲው ግን ተቃጠለ።

አሁን ዋና ወደምለው ነጥብ ልምጣ። ይህ አንድ ብረት ሁለት ጌቶችን እንዲያገለግል ይጠየቃል፤ ጌቶቹም የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ቆጣሪው የሚፈልገው በዕለታዊ ጭነት ጊዜ ትክክለኛነትን ነው፤ ሾርት በተፈጠረ ጊዜ ግን ብረቱ ቶሎ ጠግቦ ፍሰቱን ቢያግድለት ይወዳል፤ አለዚያ ራሱ ይቃጠላልና። የመከላከያው ሪሌይ በአንጻሩ የሚነቃው በዚያችው ክፉ ሰዓት ስለሆነ ብረቱ ከመደበኛው 20 እጥፍ ፍሰት ቢመጣበት እንኳ ሳይጠግብ እውነቱን እንዲነግረው ይፈልጋል። «5ፒ20» የሚለው ጽሑፍ ትርጉም ይኸው ነው፤ እስከ 20 እጥፍ ድረስ ስሕተቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም። በአንድ ሲቲ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች የሚቀመጡትም ስለዚህ ነው። የሪሌዩን ሽቦ ከቆጣሪው ብረት ላይ ያሰረ ሰው ዘቡን አስተኝቶታል።

ይህ ጉዳይ በደጋው አገር ይከብዳል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ባሉት ዓይነት ተራራማ ወረዳዎች መስመሩ ረጅም፣ ሽቦው ቀጭን፣ ጭነቱም አነስተኛ ነው። ለስሌት ያህል በ33 ሺህ ቮልት የሚሠራ፣ በኪሎ ሜትር 0.72 ኦም ያለውና 100 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር እናስብ። በጫፉ ላይ ሦስቱም ፌዞች ቢነካኩ የሚፈሰው ከ270 አምፔር ያነሰ ነው፤ ሁለቱ ብቻ ቢነካኩ ደግሞ ወደ 230። ጭነቱ 40 አምፔር በሆነበት መስመር ላይ «ለወደፊት ዕድገት» ተብሎ የ400 ለ5 ሲቲ ቢሰቀል በሁለቱም በኩል እንጎዳለን። የ0.5 ደረጃ ያለው ሲቲ ግማሽ በመቶ ብቻ የሚስተው በሙሉ ፍሰቱ ሲሠራ ነው፤ በ20 በመቶው ሲሠራ እስከ 0.75፣ በ5 በመቶው ሲሠራ እስከ 1.5 በመቶ ሊስት ይፈቀድለታል። ይህም ዛሬ የሁለት መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ከተከፈለ ወዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ኃይል የሚመዘነው በሲቲ ነውና።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የወደቀው ሽቦ ነው። በበጋ፣ አፈሩ በደረቀበት ወራት፣ አንድ ሽቦ ተበጥሶ በድንጋይ ላይ ቢወድቅና የመሬቱ ተቃውሞ 2000 ኦም ቢሆን የሚፈሰው ከ10 አምፔር አይሞላም። ለመስመሩ ይህ ኢምንት ነው፤ ከብቱን ለሚጠብቅ ልጅ ግን ሞት ነው። ይህን ጥቂት ፍሰት የምናገኘው የሦስቱን ሲቲዎች ድምር በመመልከት ነው፤ በደኅናው ጊዜ ድምሩ ዜሮ ሊሆን ይገባል። ሦስቱ ሲቲዎች ካልተመሳሰሉ፣ ወይም አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ከጠገበ፣ ትራንስፎርመሮች ኃይል ሲያገኙ የሌለ ፍሰት አለ ይሉና ሪሌዩ ያለ ምክንያት መስመሩን ይቆርጣል። ሕዝቡ ያማርራል፤ ኦፕሬተሩም ይሰለቻል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ የሪሌዩን መነሻ ከፍ ያደርገዋል፤ መብራቱ መጥፋት ያቆማል፣ ሁሉም ይደሰታል። የወደቀውን ሽቦ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያይ የለም።

ስለ ሽቦ ርዝመትም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይረሳልና። ከሲቲው እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ 50 ሜትር ቢሆን፣ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ደርሶ መልስ 0.7 ኦም ነው። በ5 አምፔር ሽቦው ብቻ 17.5 ቮልት አምፔር ይበላል፤ 15 ቮልት አምፔር እንዲሸከም የተሠራ ሲቲ ገና ሪሌዩ ጋ ሳይደርስ ከዐቅሙ በላይ ተጫነ ማለት ነው። በ1 አምፔር ቢሆን ግን 0.7 ብቻ ነው። ስለ ከፍታውም እንዲሁ፤ መለኪያው የወጣው እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ስለሆነ በ2500 ሜትር የሲቲው የአየር ላይ ኢንሱሌሽን ወደ 20 በመቶ ብልጫ ያስፈልገዋል።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመለስ። በሪፖርቴ እሽጉ እንዳልተነካና ስሕተቱ የተከላው መሆኑን ጽፌ ያለፈው ውዝፍ እንዳይጠየቅ ሐሳብ አቀረብሁ። ሐሳቤ በከፊል ብቻ ተቀባይነት አገኘ፤ አዛውንቱ የተወሰነውን በየወሩ እየከፈሉ ጨረሱ። በውሳኔው ያን ጊዜ አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም።

ከዚህ ንግግር ጋር አንድ ገጽ ቅጽ አቅርቤአለሁ። ማንኛውም ሲቲ በተተከለ ዕለት ጭነት ላይ ሆኖ የሦስቱም ፌዝ አምፔር፣ የሽቦዎቹ አቅጣጫ፣ የማባዣው ቁጥርና የሪሌዩ መነሻ ተለክተው እንዲሞሉበት የተዘጋጀ ነው። በግርጌው የፊርማ ቦታ ሦስት ነው፤ የተካዩ፣ የመርማሪውና የደንበኛው። ሦስተኛው ፊርማ አያስፈልግም የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ በጥያቄው ጊዜ ብንወያይበት ደስ ይለኛል።