ሌሊቱን የሚያስገባ መጋዘን



ሮቦትና የከተማ ምግብ ሲባል ቶሎ የሚታየን በመስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲም የሚለቅም የብረት ክንድ ነው። ተሞክሯል። በአሜሪካ ኬንታኪ አፕሃርቨስት የተባለ ኩባንያ ሰፋፊ የመስታወት እርሻ ገንብቶ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ለቃሚ ሮቦት የሚሠራውን ሩት ኤአይን ገዛ። በ2023 ግን ለኪሳራ ፍርድ ቤት ደጅ ጠና። በመደርደሪያ ላይ በመብራት ቅጠላ ቅጠል ሲያበቅል የነበረው ኤሮፋርምስም በዚያው ዓመት ለኪሳራ አመልክቷል። በእኔ ግምት፣ ፀሐይንና የሰው እጅን በገንዘብ ለመተካት መሞከር ከሰላጣ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። እዚህ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ላይ ደግሞ ፀሐይም የሚለቅም እጅም አልጠፋም።

የጠፋው ማደሪያ ነው። በደንቢያ ሜዳ በበጋ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ያወጣው ገበሬ ወደ ቤቱ መልሶ የሚያቆይበት ስለሌለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በተጠራው ዋጋ ይሰጣል። ክረምት ሲገባ ያው ሽንኩርት ይወደድና የጉልት ነጋዴዋ በፍሬ ቆጥራ ትሸጠዋለች። ለጤፍና ለማሽላ አባቶቻችን ከመሬት ከፍ ያለ፣ በጭቃ የተመረገ ጎተራ ሠርተዋል። ለአትክልት ግን ቤት የለንም። 

እንግዲህ እኔ የምለው ሮቦቱ ቤቱ ራሱ ይሁን ነው።

አካባቢያችን ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በበጋ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል። ይህን የሌሊት አየር በነፃ ማከማቸት ይቻላል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ሰፊ ጥላ የሚጥል ጣሪያ፣ ከወለሉ ሥር ንፋስ የሚገባበት መስኮት፣ ከጣሪያው ሥር የሞቀው አየር የሚወጣበት ሌላ መስኮት። ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ሲሞቅ ይዘጋሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ ነገር ግን በየሌሊቱ፣ ሳይሰለች መደረግ አለበት። ሙቀትና እርጥበት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ፣ ትንሽ ሞተር፣ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ ይህን ያደርጋሉ። ሞተሩ ቢበላሽ ዘበኛው የሚስበው እጀታ ይኑረው፤ ያለ እጀታ የሚሠራ ማሽን እዚህ አገር አታስገቡብኝ።

የመጋዘኑ ክፍሎች ሁለት መሆን አለባቸው። ሽንኩርት አንገቱ ከደረቀ በኋላ ደረቅ ንፋስ ይፈልጋል፤ እርጥበት ያበቅለዋል፣ ያበሰብሰዋል። ቲማቲም በተቃራኒው እርጥብ አየር ይወዳል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ብዙ ቀን ከቆየ ግን ጣዕሙን ያጣል፣ ስለዚህ የበረዶ ክፍል አያስፈልገውም። በሁለት የጡብ ግድግዳ መካከል የረጠበ አሸዋ ቢሞላ፣ ውኃው ሲተን ክፍሉን ያቀዘቅዛል። የበጋችን ደረቅ አየር ለዚህ ይስማማል። አሸዋው ሲደርቅ ብቻ ውኃ የሚለቅ ቧንቧ ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ይታዘዛል።

ውኃን ወደ ሕንፃ መምራት ለጎንደር ግንበኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ነው። ድንጋዩም ድንጋይ ጠራቢውም አሉን።

መጋዘኑ ከገበያው ጥላ ሥር፣ ከጉልት ሻጮቹ አጠገብ ይቁም። ከተማው ዳር ቢወሰድ የሚከራየው ባለ መኪናው ጅምላ ነጋዴ ብቻ ይሆናል። ኪራዩም በሳጥንና በቀን ይታሰብ፤ ሁለት ሳጥን ያላት ሴትም ታሳድርበት።

ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ግን የምጠይቀው ርካሽ ነገር አለ። እዚህ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች ከኅዳር እስከ ሚያዝያ በገበያው ጥላ ሥር ሙቀትና እርጥበት መለኪያ ስቀሉ፤ ማታና ንጋት መዝግቡ። የግድግዳው ውፍረትና የመስኮቱ ስፋት የሚወሰነው በዚያ መዝገብ ነው።