ስለ እሽቅድምድም ወዳጆች ማኅበር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የመረጥነው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም እሽቅድምድም የሚወዱ ሰዎች በዕውቀት ፍቅር እንዴት አንድ ማኅበር እንደሚሆኑ፣ ይህም ለእኛ ለአዊ ወጣቶች ምን እንደሚያስተምር ነው።

በአሜሪካ አገር «ስቶክ ካር» የሚባል የመኪና እሽቅድምድም አለ። የስሙ ትርጉም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለሰው ሁሉ የሚሸጥ ተራ መኪና ማለት ነው። የዛሬዎቹ መኪናዎች ለውድድር ብቻ የሚሠሩ ቢሆኑም ስሙ አልተለወጠም። ናስካር የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ሲቋቋም መሪው ቢል ፍራንስ በሙያው መካኒክ ነበረ። በ1949 በሻርሎት ከተማ በተደረገው የመጀመሪያው የተራ መኪና ውድድር ግሌን ደናዌይ የተባለ ነጂ አንደኛ ሆኖ ገባ። ነገር ግን መኪናው ሲመረመር የኋላ ባሌስትራው ተለውጦ ስለ ተገኘ ድሉ ተነሥቶ ለጂም ሮፐር ተሰጠ። እንግዲህ የዚህ ጨዋታ ወዳጅ ማን ቀደመ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ በምን ምክንያት ቀደመ ብሎ ጎማውንና ባሌስትራውን ይመረምራል።

ሁለተኛም ምሳሌ እንጨምር። በ1959 በዴይቶና የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ሲደረግ ሊ ፔቲና ጆኒ ቦቻምፕ ጎን ለጎን ስለ ደረሱ በመጀመሪያ ቦቻምፕ አሸነፈ ተባለ። በኋላ ግን ፎቶግራፎችና የዜና ፊልም ተሰብስበው ስለ ተመረመሩ ከሦስት ቀን በኋላ አሸናፊው ፔቲ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ የምንረዳው የሥዕል መሣሪያ በጠያቂ ሰው እጅ ሲገባ እውነትን የሚያወጣ ምስክር መሆኑን ነው።

በዘመናችን ደግሞ እነዚህ ወዳጆች በኢንተርኔት ይገናኛሉ። አንዱ በሌላው አገር ካለው ጋር ስለ ሞተር ይከራከራል፤ በኮምፒዩተር በተሠራ ሜዳም አብረው ይሽቀዳደማሉ። ዊልያም ባይረን የተባለው ወጣት መንዳትን የጀመረው በእንዲህ ያለው የኮምፒዩተር ሜዳ ሲሆን፣ በ2024ና በ2025 የዴይቶናን ውድድር በእውነተኛ መኪና አሸንፏል። ስለዚህ በመሣሪያው ትምህርትን የሚፈልግ ሰው ትምህርትን ያገኝበታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአዊ የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳ የለም፤ እሽቅድምድም ግን አለ፤ የወዳጆቹም ማኅበር ከናስካር በዕድሜ ይበልጣል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓድዋ ጦርነትና በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉ ይከበራል። አባላቱ ከ60 ሺህ እንደሚበልጡ ይነገራል። ማኅበሩም ለጨዋታ ብቻ የቆመ አይደለም፤ አባላቱ በለቅሶና በሠርግ ይረዳዳሉ፤ የተጣሉትንም ያስታርቃሉ።

ደግሞም የእኛ ፈረስ ተራ የሥራ ፈረስ ነው። በሜዳ ላይ ግላስ ለብሶ የሚያጌጠው ፈረስ በሌላው ቀን ተጠምዶ ያርሳል፤ እህል ይጭናል፤ ጌታውንም ገበያ ያደርሳል። እንግዲህ «ስቶክ» የሚለው ስም የሚገባው ለዛሬው የአሜሪካ መኪና ነው ወይስ ለእኛ ፈረስ? ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።

በኢንተርኔት የሚገናኙ ሰዎች የብዕር ስም እንደሚያወጡ ሁሉ አባቶቻችንም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። የፈረስ ስም ሰውየውን የሚያስታውቅና በስሙ የሚያስጠይቀው ነበር፤ ዛሬ ግን በማይታወቅ ስም ተሸሽጎ የሚሳደብ ሰው አልጠፋም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ዋናው ነገራችን ይህ ነው። ጥር 23 ቀን በሜዳው ዙሪያ የሚነሣው ስልክ ብዙ ነው። ጉግሱም ሽምጥ ግልቢያውም ይቀረጻል፤ በዚያው ቀን ከእንጅባራና ከዳንግላ አልፎ ባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችን ይደርሳል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከተመልካቹ መካከል ኮርቻው ለምን እንደማይዞር የሚጠይቅ ስንት ነው?

ኮርቻ የሚሠራ ሰው የጋላቢው ክብደት በፈረሱ አከርካሪ ላይ ሳይሆን በግራና በቀኝ በኩል እንዲያርፍ አድርጎ ይቀርጸዋል። የሆድ ማሰሪያው ጠፍር ቢላላ ኮርቻው ይዞራል፤ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ፈረሱ እንደ ልቡ አይተነፍስም። በጅራት ሥር የሚያልፈው ወዴላ ቁልቁለት ሲወርዱ ኮርቻው ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። ልጓሙን በኃይል የሚጎትት እጅ የፈረሱን አፍ ያቆስላል። ስግሪያም ቢሆን ጋላቢው እንዳይናወጥ ፈረሱ እርምጃውን አስተካክሎ በፍጥነት የሚሄድበት፣ በብዙ ልምምድ የሚገኝ ጥበብ ነው። በክፍል የምንማረው የክብደት፣ የሚዛንና የሰበቃ ትምህርት በሙሉ በአንድ ኮርቻ ላይ ይገኛል።

ይህን ጥበብ የያዙት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የዕቃዎቹንም ስም በአገውኛ አንድ በአንድ ይቈጥሩታል። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የፈረሱን መንገድ እየወሰዱ ሲሄዱ፣ ልጅም ለትምህርት ከተማ ሲገባ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው ዕውቀት በመንገድ ይቀራል። ሥዕሉ በስልካችን ተቀምጦ ጥበቡ ከሽማግሌው ጋር ቢቀበር፣ የልጅ ልጆቻችን ፈረሱ ሲሮጥ ያያሉ እንጂ ኮርቻ መሥራት አይችሉም።

ስለዚህ ከታች ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ሐሳብ እንተዋለን። እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ወዳለ አንድ ፈረስ አዋቂ ይሂድ። አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከዚያም ከግልቢያው ይልቅ የአዋቂውን እጅ ይቅረጽ፤ ጠፍሩ እንዴት እንደሚቈረጥ፣ ግልገሉ ፈረስ እንዴት እንደሚገራ፣ የታመመው በምን እንደሚታወቅ ጠይቆ በአማርኛና በአገውኛ ይጻፍ። የጻፈውንም መልሶ ለሽማግሌው ያንብብለትና ይታረም። በኢንተርኔትም ሲያወጣው የባለሙያው ፈቃድ ካለ ስሙን አክብሮ ይጥቀስ፤ የራሱንም ስም አይሸሽግ።

እናንተም ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ ስልክ ይዞ ወደ በረት ሲመጣ ጨዋታ ነው ብላችሁ አታባርሩት። ምን እንደሚጠይቅ ስሙት፤ የምታውቁትንም ንገሩት።

እኛ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እንሰናበታለን። መምህራኖቻችን ለምን ብለን እንድንጠይቅ አስተምረውናልና ጥያቄውን ወደ ሜዳውም ወደ በረቱም ይዘነው እንሄዳለን።