እናትየዋንስ ማን ጠየቃት?

ክቡራን የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባልደረቦች፣

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ክብደቱ በግራም ይመዘናል፤ ሙቀቱ፣ ትንፋሹ፣ የወሰደው ወተት ሳይቀር ካርዱ ላይ ይሰፍራል። የእናቱ ስጋት ግን የትም አይጻፍም። መውጫው ሲደርስ ነርሷ ምክሯን ሰጥታ «ገባሽ?» ትላለች። እናትም አንገቷን ደፍታ «አዎ» ትላለች። ሌሊት ቤቷ ሕፃኑ ሲያለቅስ ማንን ትጥራ?

የምትሰጋው ፍቅር አጥታ አይደለም። ልጇን የምታየው በማሞቂያው መስታወት ውስጥ ነው፤ ወተቱን የሚሰጠው ቱቦ፣ የሚያገላብጠው ባለሙያ። ለሳምንታት ሥራ የፈታ እጅ እንዴት ራሱን ይመን?

ይህ በራስ የመተማመን ስሜት ይለካል። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳብራራው፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነት ሰው ምን ያህል እንደሚሞክርና ሲከብደው ምን ያህል እንደሚጸና ይወስናል። ባርንስና አዳምሰን-ማሴዶ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2007 ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት እናቶች 20 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አወጡ። እናትየዋ ልጇን ማባበል፣ መንከባከብ፣ ምልክቱን ማንበብ ትችል እንደሆነ ትጠየቃለች፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ትሰጣለች፤ ድምሩ ከ20 እስከ 80 ይሆናል።

ዝቅተኛ ውጤት እናትን ማሳፈሪያ መሆን የለበትም። ነርሷ ገና ያላሳየቻትን ነገር ነው የሚጠቁመው።

መጠይቁን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ ብቻውን አይበቃም። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ጉራ የሚመስላት እናት ነጥቧን ዝቅ ታደርጋለች፤ ባለሙያውን ላለማስከፋት የምትሻዋ ደግሞ ሁሉንም «እችላለሁ» ትላለች። አማቷ አጠገቧ ቆመው ከተጠየቀችማ እውነቱ ጭራሽ አይወጣም። ለብቻዋ ትጠየቅ፤ ከቃሏም ጋር እጇ ይታይ።

እጅን የሚያሠራ መንገድ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የማሞቂያ እጥረት ሲያስጨንቃቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አስታቀፏቸው። የካንጋሮ እንክብካቤ የተጀመረው እንዲህ ነው። በአዲስ አበባም ቦጋለ ወርቁና አሳዬ ካሴ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ ገና በጠዋቱ በካንጋሮ የታቀፉ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሕፃናት ይበልጥ በሕይወት እንደሚተርፉ አሳይቷል። ያቀፈች እናት ደግሞ የልጇን ትንፋሽ ከማንም ቀድማ ትለምዳለች።

እናም የመውጫ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ወንበር ስባችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። «ቤት ስትገቢ ከሁሉ የምትፈሪው የቱን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። የፈራችውንም እዚሁ፣ እናንተ እያያችሁ፣ በገዛ እጇ ትሥራው።