ሽቅብ ወደ ዋሻ ሚካኤል

ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈነዳ፤ ስኒከር ያለው ሁሉ እንጦጦን ያስባል። እኔ ግን በየካ በኩል ወደ ዋሻ ሚካኤል ውጡ እላለሁ። ከአለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የፈረሰ፣ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለሙዚየም ወረፋ የምንይዝ ሰዎች ይህን ደጃችን ላይ ትተነዋል፤ ይገርማል።

ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። እንጦጦን ለምትመርጡም፣ አናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ እርጅና አይደለም፣ አየሩ ሳስቶ ነው። ጭቃው ገና አልጠነከረም፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ቁልቁል ሲወርዱ ያንሸራትታል።

እናንተ ለጤና ስትወጡ፣ እንጨት ተሸክመው ለእንጀራ የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሟችኋል። ዳር ያዙላቸው፤ ያን ሸክም ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆም ከባድ ነው።