ከበሮው የሚጠራው ማንን ነው?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ከበሮና ስለ ጭፈራ ነው። ይህን ስል «ከበሮ የበዓል ቀን መጫወቻ ነው እንጂ የቁም ነገር መነጋገሪያ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራ ሁላችን አዋጅ ሲወጣ የምናነበው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ነጋሪትም ራሱ ከበሮ ነው። በቀድሞ ዘመን አዋጅ ከመነገሩ አስቀድሞ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ሕዝቡም ድምፁን ሰምቶ ይሰበሰብ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም ይህ ስም የተሰጠው ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግዲህ የከበሮ የመጀመሪያ ሥራው ሰውን ማስደሰት ሳይሆን ሰውን መጥራት ነው ማለት ነው።

ይህን ነገር እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር፣ የድምፅ መቅጃዬን ይዤ ወደ ሐዲያና ወደ ከምባታ አገር ሄጄ ነበር። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስም ይጠራል። ከእርስዋ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሐምበሪቾ ተራራ አካባቢ የከምባታ ከተማ ዱራሜ ትገኛለች። አገሩ በሙሉ እንሰት የለበሰ ነው።

በአንድ መንደር ጭፈራው ደምቆ ደረስሁ። አንዱ ያወጣል፤ ብዙው ይቀበላል፤ ከበሮው፣ ጭብጨባውና የእግሩ ምት አንድ ሆኖ መሬቱን ያርገበግባል። እኔ ግን ለመቅጃዬ ጥራት ብቻ በማሰብ፣ የከበሮው ድምፅ ለብቻው እንዲሰማ የሚያጨበጭቡት ሴቶችና ልጆች ራቅ ብለው እንዲቆሙ ለመንሁ። ሰዎቹ እንግዳ አክባሪዎች ናቸውና እሺ አሉኝ። ከበሮ መቺው ግን ጥቂት ጊዜ መታ መታ አድርጎ እጁን አሳረፈ። በአጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ከበሮው የሚጠራው እነርሱን ነው፤ እነርሱን ካራቅህ ለማን ይምታ?» አሉኝ። አፈርሁ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት ለመቺው ብቻ ሳይሆን ለቀጂውም እንደሚሠራ ያን ቀን ገባኝ።

ታዲያ ከበሮው እነዚህን ሰዎች የሚጠራቸው ለምን ለምን ጉዳይ ነው? ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው በዓል ነው። ሐዲያዎች ያሆዴ፣ ከምባታዎች መሳላ የሚሉት የዘመን መለወጫ በዓል በመስከረም ወር ከመስቀል ጋር ይከበራል። ይህ በዓል በአንድ ቀን የሚዘጋጅ አይደለም። ወንዶቹ ለሰንጋው መግዣ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያዋጣሉ። ሴቶቹም ዊጆ በሚባለው ማኅበራቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው አተካና የሚቀርበው ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ነው። ስለዚህ በበዓሉ ቀን የሚታየው ጭፈራ ዓመቱን ሙሉ ተማምነው የቆጠቡ ጎረቤታሞች ሒሳባቸውን በደስታ የሚዘጉበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ሥራ ነው። በደቦ መሬት ሲቆፈር ወይም እንሰት ሲፋቅ፣ ዜማው የእጅን ምት ያስተካክላል። ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል ይራመዳል፤ የሰነፈውም ተለይቶ ይታወቃል። በአንድ ዜማ የሚሠሩ ሰዎች ተቆጣጣሪ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ኀዘን ነው። በከምባታ ሴራ የሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ እንዲደርስ ያስገድዳል። ለቀስተኞቹ በቡድን በቡድን እየመጡ የሟቹን ሥራ በሙሾ ያነሣሉ። በዚያ ስፍራ ዜማው ጨዋታ ሳይሆን የኑሮ ምስክርነት ነው፤ የቀረም ሰው መቅረቱ ይታወቅበታል።

በሌላውም የአፍሪካ አገር ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በጋና የአሻንቲ ሰዎች በከበሮ መልእክት ያስተላልፉ ነበር። የቡሩንዲ ንጉሣዊ ከበሮና ጭፈራ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ የእኛም የመስቀል በዓል አስቀድሞ በ2006 ዓ.ም. ተመዝግቧል።

በከተማ ግን ሌላ ነገር ደረሰ። በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ትልቁ ቴአትር ቤት ተከፈተ። ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. ገደማ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተመሠረተና የልዩ ልዩ ሕዝቦችን መሣሪያ ባንድ መድረክ አሰለፈ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ አንዱ የአገሩ ሰው የሌላውን ዜማ እንዲያውቅ አድርጓል። ይሁን እንጂ መድረኩ አንድ ልማድ አስተምሮን ቀረ፤ ይኸውም ጥቂቶች እንዲጨፍሩ፣ የቀረነው ወንበር ላይ ተቀምጠን እንድናጨበጭብ ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫዎች አንዷ በመሆንዋ፣ ከሌላ ስፍራ ተዛውሮ የሚመጣው ሠራተኛ በርክቷል። ባለሥልጣን ሲመጣም «ጨፋሪ ይጠራ» የሚል ትእዛዝ በየስፍራው ይሰማል። በትእዛዝ የተሰለፈ ጭፈራ ግን እኔ እንደ ቀዳሁት ከበሮ ባዶ ነው። ደግሞም ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የወንጌል ትምህርት በአካባቢው ስለ ተስፋፋ፣ የቀድሞውን ዘፈን በእምነታቸው ምክንያት የተዉ ብዙዎች አሉ። እነዚህን ለእንግዳ ሲባል ማስጨፈር በደል ነው። እነርሱም ቢሆኑ አንዱ እያወጣ ብዙው እየተቀበለ በገዛ ቋንቋቸው ይዘምራሉና፣ አብሮ መሆኑን አልተዉትም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ወደዚያ አገር ለሥራ የምትሄዱ ሁሉ አንድ ምክር ልስጣችሁ። በበዓል ቀን የክብር ወንበር ሲቀርብላችሁ አመስግናችሁ ጥቂት ተቀመጡ፤ ከዚያ ግን ተነሡና እምነታችሁና ጉልበታችሁ እንደ ፈቀደላችሁ ከክቡ ግቡ። እግራችሁ ምቱን ቢስት የሚስቅባችሁ ሰው አብሯችሁም ይስቃል። በማግሥቱ ወደ ቢሮአችሁ ጉዳይ ይዞ ሲመጣ የሚያገኘው እንግዳ ሹም ሳይሆን ትናንት አብሮት ያጨበጨበ ሰው ነው። ለቅሶም ሲሆን ሳትጠሩ ድረሱ።

እኔም በማግሥቱ ወደዚያች መንደር ተመልሼ፣ መቅጃዬን ከአጥሩ ላይ ሰቅዬ ከሚያጨበጭቡት ጋር ቆምሁ። በዚያ ቀን የቀዳሁት ድምፅ ጥራት የለውም፤ ሳል ይሰማበታል፤ ሕፃን ያለቅስበታል፤ የእኔም ያልተስተካከለ ጭብጨባ አለበት። ነገር ግን ካለኝ ሁሉ የምወደው እርሱን ነው።