ቮልሳችንና አዲሱ የቤንዚን ፓምፕ



አዘጋጆቹ ስለ ቮልሳችን ጥቂት እንድንናገር ጠይቀውናል። እኛ መካኒኮች አይደለንም፤ ኪቡሊ ላይ ዱቄትና ዘይት የምንሸጥ ባለሱቆች ነን። ግን ይህችን መኪና ስንገፋ ያላየን ከመካከላችሁ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ስለ ቮልስ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የመጨረሻዋ በ2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሜክሲኮ ውስጥ ብትሠራም፣ ሶማሌ ተራ ለወረደ ዕቃዋ አይጠፋም። እዚህ ካምፓላ ግን ቸግሮን ከረመ።

ችግሯ ቀትር ላይ ነው። ከካባላጋላ ተነስተን የኪቡሊን ዳገት ስንጀምር ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች። የቤንዚን ፓም፟ ሞተሩ ላይ የተገጠመ ስለሆነ አብሮ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ቤንዚን እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ አይሳብለትም። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገን ስንጠብቅ ትነሳለች። አንድ ቀን የሞተሩን ዘይት ብናሸት ቤንዚን ቤንዚን አለን። ለካ የፓምፑ ጎማ አርጅቶ ወደ ዘይቱ ያስገባ ኖሯል።

ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ለመግጠም ወሰንን። መጀመሪያ ርካሽ አይተን የገዛነው ለኢንጀክሽን መኪና የተሠራ ነበር፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። የቮልስ ካርቡራተር ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ግፊት ይበቃዋል፣ ያኛው ከ40 በላይ ይገፋል። ቁልፉን እንዳዞርን ቤንዚኑ ገንፍሎ ሞተሩ ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ባይቀዘቅዝ ኖሮ! የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ኪሴካ ገበያ ዞረን ዝቅተኛ ግፊት ያለውን አገኘን። የእኛዋ 12 ቮልት ናት፤ የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ስለሆኑ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ፓምፑን ከፊት፣ ከታንኩ ሥር አሰርነው፤ እንዲህ ያለው ፓምፕ መግፋት እንጂ ከሩቅ መሳብ አይሆንለትም። የድሮውን ከነዘንጉ አውጥተን ቀዳዳውን በብረት ደፈንን።

የድሮው ፓምፕ ሞተር ሲቆም ይቆማል። የባትሪው ግን መኪናዋ ተጋጭታ ቱቦዋ ቢበጠስ እንኳ፣ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ቤንዚን መርጨቱን አይተውም። ያገዘን መካኒክ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር እናገናኘው ቢለን እምቢ አልን። ሞተሩ ካልዞረ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ሪሌ ፍለጋ ሁለት ወር መኪናዋን አቆምናት። በመጨረሻ ከዱባይ የመጣ የማኅበራችን ልጅ ይዞልን መጣ፤ ከነፊውዙ አስገባነው።

ሙከራው እንዲህ ነበር። ፍሬን ይዘን በአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀን ሞተሩን አጠፋነው፣ ቁልፉን ግን አልነካንም። ከፊት ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ ወዲያው ጸጥ አለ። ልጆቹን መልሰን ያሳፈርናቸው ያን ዕለት ነው።

ዛሬ ውጭ ቆማለች። መሳፈር የምትፈልጉ ልጆች ከምሳ በኋላ ኑ፤ ዳገቱን በጠራራው ፀሐይ እንወጣዋለን።