መኪና ለምን ይፈላል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሞተር ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ለንግግር የመረጥነው ነገር ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም መኪና ሲፈላ ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ ነው። ነገር ግን በአራዳና በፒያሳ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፥ እጁን በወገቡ ይዞ፥ የሚወጣውን እንፋሎት የሚመለከት ሾፌር ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ስለ ታክሲ ከምትነግሩን ስለ ስፖርት መኪና ብትነግሩን ይሻላል» ብለውን ነበር። መልሳችን ይህ ነው፤ ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ እስከ ሆነ ድረስ የስፖርት መኪናም ሆነ ያረጀ ታክሲ የሚተዳደሩት በአንድ ሕግ ነው። ፈጣኑ መኪና የበለጠ ሙቀት ያወጣል እንጂ ሕጉ አይለወጥለትም። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ከቀረበችበት ጊዜ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዳገት ያልፈተነው ሞተር የለም። አባቶቻችን በወጣትነታቸው ይሳፈሩባት የነበረችው ፊያት ሴይቼንቶ በውሃ የምትቀዘቅዝ ስትሆን፥ የዚያን ዘመን ቮልስዋገን ግን በነፋስ ብቻ ይቀዘቅዝ ነበር።

ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ለጉዞ የሚውለው ሩብ ወይም ሲሶ ቢሆን ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ከፊሉን ደግሞ ውሃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስደዋል። ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ነው፤ ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ፋን ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን ዘግቶ የሚቆይ፥ ሲሞቅም የሚከፍት በረኛ ደግሞ ቴርሞስታት ይባላል። ይህ በረኛ ብዙውን ጊዜ የሚከፍተው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው።

አሁን የከተማችንን ነገር እንመልከት። ውሃ በባሕር ዳርቻ፥ ለምሳሌ በጅቡቲ፥ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። እኛ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖርና አየሩ በውሃው ላይ የሚጫነው ኃይል ስለሚያንስ፥ በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በረኛው በሚከፍትበትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። በዚህም ላይ አየራችን ስስ በመሆኑ ፋኑ የሚያመጣው ቅዝቃዜ ይቀንሳል። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በላስቲኩና በስፕሪንጉ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ ክዳኑ እንደ ድስት መክደኛ የሚታይ አይደለም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። የአንድ ጓደኛችን አባት ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በአንዲት አሮጌ ታክሲ ነው። ታክሲዋ ከለገሃር ተነሥታ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ፥ ጊዮርጊስ ሳትደርስ ትፈላ ጀመር። አንድ መካኒክ ራዲያተሩን አጠበ፤ ገንዘብ ወጣ፤ በሽታው አልተወም። ሌላው «ቴስታታው ይውረድ» አለ፤ ለዚህ የሚከፈለው ከሁለት ወር ገቢ የሚበልጥ ነበር። እሳቸውም በየጉዞው ውሃ ሲጨምሩ ከርመው መኪናዋን ለመሸጥ አሰቡ።

ከመምህራችን ጋር ሆነን ልናያት ሄድን። ገና እንደ ደረስን ከመካከላችን አንዱ የጋለውን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰነዝር መምህራችን ክንዱን ያዙት። «ልጄ፥ ይህ ውሃ ታፍኖ ነው ያለው፤ ክዳኑን ስትከፍትለት ፊትህ ላይ ይፈላል» አሉት። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ያን ቀን ከተማርነው ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

ሲቀዘቅዝ ከቀላሉና ከርካሹ ጀመርን። አስቀድመን ሾፌሩን ጠየቅን፦ «ጋሼ፥ የምትፈላው ቆማ ስትጠብቅ ነው ወይስ ዳገት ስትወጣ?» ቆሞ ብቻ የሚፈላ መኪና ፋኑን ወይም ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋ እንድንጠረጥር ያደርጋል። «ዳገት ላይ ነው፤ ውሃውም የት እንደሚሄድ አይታወቅም» አሉን። ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫንነው፤ አልላላም። ሌሊቱን ከሥሯ ደረቅ ካርቶን አነጠፍን፤ ጠዋት ጠብታ አልታየበትም። ዘይቱን አየን፤ ወተት አልመሰለም። በራዲያተሩ አፍ የአየር አረፋ አልወጣም፤ ነጭ ጭስም አልነበረም። እነዚህ ምልክቶች ስላልታዩ ቴስታታውን ለማውረድ የሚያስቸኩል ነገር አላገኘንም። ቴርሞስታቱን ፈትተን በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አሞቅነው፤ በጊዜው ተከፈተ።

በመጨረሻ ክዳኑን ገልብጠን አየነው። ላስቲኩ እንደ ቆዳ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ስፕሪንጉም ደክሟል። ከአንገቱ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ነጭ የውሃ ዝቃጭ ተጋግሯል። ውሃው በዳገቱ ላይ እንፋሎት ሆኖ በዚያ ይሄድ ነበርና መሬት ላይ ጠብታ ያልታየው ስለዚህ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይተን በልኩ አዲስ ተገዛ፤ ከልኩ የበለጠ ቢሆን ቱቦ ያፈነዳልና። ዋጋውም የአንድ ቀን ገቢ አልሞላም። ከዚያም ተሳፍረን በቸርችል ጎዳና ወጣን፤ የሙቀቱ መርፌ ከመካከል ሳይነቃነቅ የምኒልክን ሐውልት ዞርን። ጋሼም ምንም ሳይናገሩ ሁለተኛ ዞሩት።

ወላጆቻችን ሆይ፥ መኪናችሁ በመንገድ ላይ ብትፈላ ጥቂት ነገር እንለምናችኋለን። መርፌው መውጣት ሲጀምር የመኪናውን ማሞቂያ ክፈቱ፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። አልበርድ ካለ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን ሳይቀዘቅዝ አትንኩ፤ በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ዝገት የሚከላከለውን የራዲያተር ፈሳሽ በልኩ ጨምሩ፤ ነገር ግን ጣፋጭ መርዝ ነውና ሕፃንና ውሻ በማይደርሱበት አኑሩት።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በየቀኑ ውሃ መጨመር በሽታን መደበቅ ነው፤ ሳይመረምሩ ውዱን ዕቃ መለወጥም በሰው ገንዘብ መገመት ነው። ከመካከላችን ነገ መካኒክ፥ ሐኪም ወይም ዳኛ የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም መጀመሪያ ብንጠይቅ፥ ቀጥለን ከቀላሉ ብንጀምር፥ ያየነውንም ብቻ ብንናገር፥ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሊተርፍ ይችላል።